ባቡሩ ቢቆም የት ይቁም?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ኦፕን ቲቲዲ ጥቂት ጽፌ ነበር። ላላነበባችሁ፦ ነፃ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ካርታው በካሬ በካሬ የተከፋፈለ ነው። ሐዲድ ትዘረጋላችሁ፣ ጣቢያ ትሠራላችሁ፣ ባቡር ገዝታችሁ ዕቃና ሰው ታመላልሳላችሁ። መነሻው ክሪስ ሶየር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ትራንስፖርት ታይኩን ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሲግናል፣ ማለትም ባቡሩን ሂድ ወይም ቁም ስለሚለው መብራት። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ባቡሩ ተገዝቷል፣ ግን ሁሉም ቆሟል።

አልገረመኝም። ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አጎቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። ልጅ ሆኜ ምሳውን ይዤለት ስሄድ ብዙ ጊዜ ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር የማገኘው። ባቡሩ ተዘጋጅቷል። ሰው ገብቷል፣ ዕቃው ተጭኗል። ግን አይነሳም። "ለምን አይሄድም?" እለዋለሁ። "የሚቀጥለው ጣቢያ ገና ላክ አላለኝም" ይለኛል። ባቡር የሚነሳው ከፊቱ ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ ሲኖረው ብቻ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ስጫወትም ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም። የዛሬዎቹንም ጥያቄዎች የምመልሰው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አዳማ ነው የምኖረው፣ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መስመር እንደ እውነቱ ልሥራ ብዬ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ሐዲድ ዘረጋሁ። በየከተማው ባቡር የሚተላለፍበት ቦታም ሠርቻለሁ። ነጠላው ላይ በየአምስት ካሬው ሲግናል ተከልኩ። ስምንት ባቡር ለቀቅኩ። አሁን አዋሽና ሚኤሶ መሃል ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ቆመዋል። ሌሎቹ ከኋላቸው ተሰልፈዋል። መብራቱ ሁሉ ቀይ ነው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ መስመሩን እንደ እውነቱ ለመሥራት መነሳትህ ደስ አሰኝቶኛል። እውነተኛው ሐዲድም እስከ አዳማ ድርብ፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ነው። ስለዚህ የገጠመህ ችግር የእውነተኛ ባቡር ሰዎች ችግር ነው።

የተሳሳትከው ሲግናል በማብዛትህ ነው። ሲግናል ሲበዛ ባቡር የሚፈጥን ይመስለናል። ድርብ ሐዲድ ላይ እውነት ነው። እዚያ በአንዱ ሐዲድ ላይ ሁሉም የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በየአምስት ካሬው ብትተክል ባቡሮቹ ተከታትለው ይነጉዳሉ። ነጠላ ሐዲድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ሲግናል የሚያየው እስከሚቀጥለው ሲግናል ድረስ ብቻ ነው። በሁለት ሲግናሎች መሃል ያለውን ቁራጭ ሐዲድ ብሎክ እንለዋለን። ከአዋሽ የሚነሳው ባቡርህ ከፊቱ ያለችው ብሎክ ባዶ ናት፤ አረንጓዴ ይበራለታል፤ ይገባል። ከሚኤሶ የሚነሳውም እንደዚሁ። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም። አረንጓዴ አይተው ነው የሄዱት። ግን አንተ የተከልካቸው ሲግናሎች አምስት አምስት ካሬ እያስጠጉ፣ መጨረሻ ላይ አፋጠጧቸው። አንዱም ሲግናል "ከወዲያ በኩል ሌላ እየመጣ ነው" ብሎ አልነገራቸውም። ያንን የሚያውቅ ሲግናል አልሰጠሃቸውማ።

ስለዚህ በሁለት መተላለፊያዎች መሃል ባለው ነጠላ ሐዲድ ላይ አንድም ሲግናል አይኑር። ሁሉንም ንቀል። ልብህ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ግን ንቀል።

ከዚያ ወደ መተላለፊያዎቹ እንሂድ። እያንዳንዱ መተላለፊያ ላይ ሐዲዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛውን ወደ ጅቡቲ ለሚወርደው፣ ሌላኛውን ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣው ስጥ። የምትተክለው ሲግናል ባለ አንድ አቅጣጫ ፓዝ ሲግናል ነው። በእያንዳንዱ ሐዲድ መውጫ ጫፍ ላይ፣ ወደ ነጠላው ሊቀላቀል ሲል፣ ፊቱን ወደሚወጣው ባቡር አዙረህ አንድ ትከል። ስታስቀምጠው አቅጣጫው ከተሳሳተብህ ደግመህ ክሊክ አድርገው፣ ይዞራል። በአንድ መተላለፊያ ሁለት ሲግናል። አለቀ።

ፓዝ ሲግናል ኦፕን ቲቲዲ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከተራው ሲግናል የሚለየው መንገድ ስለሚይዝ ነው። ባቡሩን ከመልቀቁ በፊት፣ ቀጥሎ መቆም እስከሚችልበት ቦታ ድረስ ያለውን ሐዲድ በሙሉ ለዚያ ባቡር ይይዝለታል። መሃል ላይ ሲግናል ከሌለ አዋሽ ላይ ያለው ባቡርህ የሚይዘው ነጠላውን ሐዲድ እንዳለና ሚኤሶ ላይ ያለውን መቆሚያውን ጭምር ነው። መያዝ ካልቻለ አይነሳም። አጎቴ ስልክ ደውሎ የሚያደርገውን ነው የሚያደርግልህ።

"ለምን ሁለቱንም የመተላለፊያ ሐዲዶች ለሁለቱም አቅጣጫ አልፈቅድም?" ትል ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። ሁለት ወደ ታች የሚወርዱ ባቡሮች ተከታትለው መጥተው ሁለቱንም ሐዲዶች ይይዛሉ። ከታች የሚመጣው የሚገባበት ያጣል። እነሱ ደግሞ እሱ ካልለቀቀላቸው መውጣት አይችሉም። እንደገና መፋጠጥ።

የመተላለፊያው ርዝመት ከረጅሙ ባቡርህ ይብለጥ። አንድ ካሬ ላይ ሁለት ፉርጎ ነው የሚያርፈው። ሎኮሞቲቩን ጨምሮ አሥር ከሆነ አምስት ካሬ ይፈልጋል። እኔ አንድ ካሬ ትርፍ እተዋለሁ። ጭራው መቀየሪያው (ሐዲዱ የሚለያይበት ቦታ) ላይ ከቀረ፣ ባቡሩ ራሱ ገብቶ ሐዲዱን ግን ዘግቶት ነው የሚቆመው። የባቡሮቹ ቁጥርም መስመሩ ላይ ካሉት መቆሚያዎች በታች ይሁን። ሁሉም ቦታ ከሞላ የትኛውም ሲግናል አያድንህም።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይኼ ለእኔ በጣም የሚወደድ ክፍል ነው። መተላለፊያዎችህን በካሬ እኩል አታራርቃቸው። በጊዜ አራርቃቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጅቡቲ ባሕሩ ጋ። ካርታህን እንደ እውነቱ ከሠራኸው ሽቅብ የሚወጣው የጭነት ባቡር ዳገቱ ላይ ይንቀራፈፋል። ዳገቱ ላይ አሥር ካሬ ማለት ሜዳው ላይ ሃያና ሠላሳ ካሬ ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ ባቡር ብቻውን ልቀቅና ሰዓት ያዝለት። ዳገቱ ላይ መተላለፊያዎቹን አቀራርብ፣ ሜዳው ላይ አራርቅ።

የተፋጠጡትን ለማላቀቅ ከኋላ ጀምር። በአንዱ በኩል ከተሰለፉት የመጨረሻውን ባቡር መስኮት ክፈትና የመገልበጫውን ቁልፍ ተጫን። እሱ ወደ ኋላ ሲለቅ ቀጥሎ ያለውን። መጨረሻ ላይ ከፊት ያለውን።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። ከአሥር ዓመት ልጄ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን፤ አማርኛውንም እንዲለምድልኝ ስለምፈልግ ስንጫወት በአማርኛ ነው የምናወራው። ባለ አራት ፕላትፎርም ጣቢያ ሠራን። ግን የሚገባው አንድ ባቡር ብቻ ነው። ሦስቱ ፕላትፎርም ባዶ ሆኖ ሌሎቹ ውጪ ይጠብቃሉ። ልጄ "ማሚ፣ ባቡሮቹ ይፈራራሉ" ይላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጅሽ ሳያውቀው ትክክለኛውን ነገር ነው የተናገረው። ባቡሮቹ ሳይሆኑ ሲግናሉ ነው የፈራው።

መግቢያው ላይ የተከላችሁት ተራውን ብሎክ ሲግናል ይመስለኛል። ብሎክ ሲግናል የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ከእኔ ወዲያ ባቡር አለ ወይስ የለም?" አራቱም ፕላትፎርሞች፣ መቀየሪያዎቹም ጭምር፣ ለእሱ አንድ ብሎክ ናቸው። አንድ ባቡር አንደኛው ፕላትፎርም ላይ ቆሞ ከሆነ "አለ" ይላል። ቀይ። አራት ክፍል ያለው ቤት ሠርታችሁ ለአራቱም አንድ ቁልፍ እንደመስጠት ነው።

ያንን ንቀሉና ባለ አንድ አቅጣጫ ፓዝ ሲግናል ተኩበት። ፓዝ ሲግናል የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ "ለዚህ ባቡር እስከ መቆሚያው የሚያደርስ ባዶ መንገድ አለ?" ሦስተኛው ፕላትፎርም ባዶ ከሆነ እስከዚያ ያለውን ሐዲድ ብቻ ይይዝና ያስገባዋል። በዚያው ሰዓት ሌላ ባቡር ከአንደኛው እየወጣ ሊሆን ይችላል። መንገዳቸው እስካልተነካካ ድረስ ሁለቱም ይሄዳሉ።

ጣቢያችሁ የመስመሩ መጨረሻ ከሆነ፣ ማለትም ባቡሩ በገባበት የሚወጣ ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ሲግናል ብቻ ነው። አንድ መግቢያው ሐዲድ ላይ፣ ከመቀየሪያዎቹ በፊት። አንድ መውጫው ሐዲድ ላይ፣ ከመቀየሪያዎቹ በኋላ። ፕላትፎርሞቹ ላይ ምንም አትትከሉ። ባቡሩ ከፕላትፎርም ሲነሳ ራሱ መንገድ ይዞ ነው የሚወጣው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። የመግቢያው ሲግናል ለመቀየሪያዎቹ ቀረብ ቢል ጥሩ ነው። የመውጫው ግን ከመቀየሪያዎቹ አንድ ሙሉ ባቡር ያህል ይራቅ። ለምን? የሚወጣው ባቡር ወደፊት መንገድ ካጣ እዚያ ሲግናል ጋ ነው የሚቆመው። ሲግናሉ መቀየሪያው አፍንጫ ስር ከሆነ ሎኮሞቲቩ እዚያ ቆሞ ፉርጎዎቹ መቀየሪያው ላይ ይተኛሉ። ጣቢያው በሙሉ ይዘጋል። እኔ ሲግናል በተከልኩ ቁጥር ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ "ባቡሩ እዚህ ቢቆም ጭራው የት ይደርሳል?" እላለሁ። እናንተም ከልጅሽ ጋር በጣት እየቆጠራችሁ አድርጉት። ለአሥር ዓመት ልጅ ጥሩ ሒሳብ ነው፣ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ።

ዝርዝሩ ውስጥ መግቢያ፣ መውጫና ድብልቅ የሚባሉ ሌሎች ሲግናሎች ታዩ ይሆናል። ፓዝ ሲግናል ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ያለውን ጣቢያ የምንሠራው በእነሱ ነበር። አሁን እለፏቸው።

ጥያቄ፦ ባቡሬ "ጠፍቷል" የሚል መልእክት ይመጣል። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከሐዋሳ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አንዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ሲግናል ጀርባውን ሰጥቶታል፣ ወይ ባቡሩ የኤሌክትሪክ ሆኖ አንዲት ካሬ ላይ ተራ ሐዲድ ዘርግተሃል። የኤሌክትሪክ ባቡር ሽቦ የሌለበትን ሐዲድ እንደ ገደል ነው የሚያየው። ባቡሩ ከሚመለስበት ቦታ ጀምረህ ካሬ በካሬ ተመልከት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሠራው። በቀላል ባቡር ነው የምመላለሰው። እሱኑ ጨዋታው ላይ ሠራሁት። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሁሉም ይጨናነቃል። ከአያት የሚመጣው ከቃሊቲ የሚመጣውን ይዘጋዋል፣ ልደታ ጋ ደግሞ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደውን ያግደዋል። ፓዝ ሲግናል ነው የተጠቀምኩት። አሁንስ ምን ቀረ?

መልስ፦ በየቀኑ የሚሄዱበትን መንገድ መሥራት ከሁሉ ይበልጣል። የት ላይ እንደሚቆም በእግርዎ ስለሚያውቁት፣ ስህተቱንም ቶሎ ያገኙታል።

ቀላል ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ እድ አድርገው እስከ ልደታ ድረስ ሐዲድ ይጋራሉ። ስለዚህ በዚያ ቁራጭ ላይ የሚያልፈው ባቡር ከሌላው ቦታ እጥፍ ነው። ይህን መቀየር አይቻልም። የሚቻለው ባቡሮቹ በማይገባ ቦታ እንዳይቆሙ ማድረግ ነው።

ስታዲየም ጋ፣ መስመሮቹ ከሚገናኙበት በፊት፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፓዝ ሲግናል ይሁን። ይኼን እንዳደረጉ እገምታለሁ። ጥያቄው ከተገናኙ በኋላ የመጀመሪያውን ሲግናል የት ተከሉት የሚለው ነው። ልክ ከመገናኛው አጠገብ ከሆነ፣ ከአያት የመጣው ባቡር እዚያ ይቆምና ጭራው መገናኛው ላይ ይቀራል። የቃሊቲው በከንቱ ይጠብቃል። አንድ ባቡር ያህል ወደፊት ይግፉት።

ልደታ ጋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከተለያዩ በኋላ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ የመጀመሪያው ሲግናል ከመለያያው አንድ ባቡር ያህል ይራቅ። የጦር ኃይሎቹ ባቡር ወደፊት መንገድ ቢያጣ የራሱ ቅርንጫፍ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። የምኒልኩ በጎኑ ያልፋል።

መሃል ላይ፣ በተጋሩት ክፍል፣ ሲግናሎቹን ባቡሩ በሚያክል ርቀት ይደርድሯቸው። ባቡሮችዎን አጭር ያድርጓቸው፣ ሦስት ካሬ ይበቃል። እኩል ያድርጓቸው። አንድ ረጅም ባቡር ካለ ሒሳቡን ሁሉ የሚያበላሸው እሱ ነው።

አሁንም ከተጨናነቀ ባቡር ይቀንሱ። ሳይቆሙ የሚሄዱ ስምንት ባቡሮች ከሚቆሙ አሥራ ሁለት ባቡሮች ይበልጥ ሰው ያመላልሳሉ። ይህን ለመቀበል እኔ ራሴ ጊዜ ወስዶብኛል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ድሬዳዋ ነኝ። ለብዙ ዓመት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የልጅ ልጄ ይህን ጨዋታ ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በእኛ ጊዜ መንገዱ ነፃ መሆኑን የሚጠይቀውም የሚመልሰውም ሰው ነበር። ዛሬ መብራቱ ባቡር መኖሩን በምን ያውቃል? ሁለተኛው፣ በጨዋታው እንደኛ ጠይቆ መላክ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ከአጎቴ ጋር ሳይተዋወቁ አይቀሩም።

ሐዲዱ ራሱ ነው የሚናገረው። አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ነው። ሐዲዱን በቁራጭ በቁራጭ ይለዩታል፤ መገጣጠሚያው ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ያስገባሉ። በቁራጩ አንድ ጫፍ ባትሪ፣ በሌላው ጫፍ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ኃይል የሚነሳና የሚወድቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስቀምጣሉ። ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሐዲድ ሄዶ በሌላው ይመለሳል። ሪሌው ኃይል ሲደርሰው ተነስቶ ይቆያል፤ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ባቡር ሲገባ መንኮራኩሩና አክሰሉ (መንኮራኩሮቹን የሚያገናኘው ዘንግ) ብረት ስለሆኑ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛሉ። ኤሌክትሪኩ በአክሰሉ አድርጎ በአቋራጭ ይመለሳል። ሪሌው ጋ አይደርስም። ሪሌው ይወድቃል፤ መብራቱ ቀይ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የሚከተለው ነው። ባትሪው ቢሞት ሪሌው ይወድቃል። ሽቦ ቢበጠስ ይወድቃል። ሐዲዱ ቢሰበር ብዙ ጊዜ ይወድቃል። እነዚህ ብልሽቶች ሁሉ ወደ ቀይ ነው የሚያመሩት። ሰዎቹ ነገሩን ያሰቡት ዕቃ አይበላሽም ብለው ሳይሆን፣ መበላሸቱ አይቀርም፣ ሲበላሽ ግን ሰው እንዳይገድል ብለው ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ አክሰል የሚቆጥር መሣሪያም አለ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ ቆጥሮ እኩል ሲሆን ነው ብሎኩን ባዶ የሚለው።

እዚህ ለመድረስ ብዙ ሰው አልቋል። ቀድሞ በብዙ አገር ባቡር የሚላከው በሰዓት ነበር። አንዱ ከሄደ ይህን ያህል ደቂቃ ካለፈ ሌላው ይላካል። የፊተኛው ደርሷል ወይስ መንገድ ላይ ቆሟል ብሎ የሚያረጋግጥ የለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1889 አየርላንድ ውስጥ አርማ ከምትባል ከተማ ብዙ ሕፃናት የተሳፈሩበት የሽርሽር ባቡር ተነሳ። ዳገቱ ከበደው። ለሁለት ከፍለው በየተራ ሊያወጡት ፈቱት። የኋለኛው ክፍል ፍሬኑ አልያዘውም፤ ወደ ኋላ ቁልቁል ተንደረደረ። ከኋላ ደግሞ በሰዓቱ የተላከው ሌላ ባቡር እየመጣ ነበር። ሰማንያ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ አወጣ፦ አንድ ብሎክ ላይ አንድ ባቡር ብቻ። የእርስዎና የአጎቴ የስልክ ሥራ ከዚህ ሕግ ጋር አንድ ሐሳብ ነው። "ሰዓቱ አልፏል" አይበቃም። "ደርሷል" የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ሽቦውም የሰው ሥራ መሆኑን የሚያስታውስ ሌላ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1988 ለንደን፣ ክላፋም ጀንክሽን አጠገብ ባቡሮች ተጋጭተው 35 ሰዎች ሞቱ። ሲግናሉ በአዲስ እየተተካ ነበር። አንድ አሮጌ ሽቦ ተነቅሎ መወገድ ሲገባው አንድ ጫፉ እዚያው ቀረ። ተመልሶ ሪሌው ላይ ነካ። ኤሌክትሪክ ሰጠው። ባቡር ሐዲዱ ላይ ቆሞ ሳለ ሪሌው ተነስቶ ቀረ፤ ሲግናሉም ቀይ መሆን ሲገባው "እለፍ" አለ። በምርመራው እንደታወቀው፣ ሽቦውን የሠራው ቴክኒሺያን በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ስለ ሲግናል ሳስብ ከመብራቱ በፊት የሚታየኝ ሰውየው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። ጨዋታው ውስጥ ሲግናል አይበላሽም፤ ባቡሩም በራሱ ቀይ አይጥስም። ግን በባቡሩ መስኮት ላይ ቀዩን ጥሶ እንዲሄድ የሚያስገድድ ቁልፍ አለ። የልጅ ልጅዎ እንዳይነካው ይንገሩት። ባቡሮቹ የእውነት ይጋጫሉ።

ጠይቆ መላክ ደግሞ ይቻላል። እንዲያውም እንደ ድሮው ሥራዎ ቁጭ ብለው ማየት ይችላሉ። ሁለት ጣቢያ ሥሩ። ድሬዳዋና አይሻ ብላችሁ ስም ስጧቸው። በመሃላቸው ነጠላ ሐዲድ፣ ጣቢያዎቹ ላይ ለአዳማው ልጅ እንደነገርኩት ሁለት ሁለት ሐዲድ፣ መውጫቸው ላይ ባለ አንድ አቅጣጫ ፓዝ ሲግናል። ከሁለቱ ጣቢያዎች ወዲያ ደግሞ ባቡር ዞሮ የሚመለስበት ሐዲድ ጨምሩ። ሁለት ባቡር ብቻ ልቀቁ፣ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የተያዘ ሐዲድን በሌላ ቀለም የሚያሳየውን ምርጫ ያብራ። ልጁ ያገኘዋል።

አሁን ድሬዳዋ ላይ የቆመውን ባቡር ይመልከቱ። ከአይሻ የመጣው ገብቶ ጭራው መቀየሪያውን እስኪለቅ ምንም አይሆንም። ሲለቅ፣ ባቡሩ ገና ሳይነቃነቅ፣ ከድሬዳዋ ጀምሮ እስከ አይሻ መቆሚያ ድረስ ሐዲዱ በአንድ ጊዜ ይጠቁራል። ያኔ አይሻ "ላክ" ብሏል።